በሸዋ የድሮ ዘመን የጀብዱ ፊልም ውስጥ ማን ይታይ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የፊልም ድርሰት የሚሞክሩ ወጣቶች ጽሑፋቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። አብዛኞቹ መሥራት የሚፈልጉት የድሮውን ዘመን ነው። ፈረስ፣ ጎራዴ፣ ገደል፣ በቀሚስ ጥለት ውስጥ የተሰፋ ደብዳቤ። ደስ ይለኛል። እኔም ልጅ ሆኜ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ቆላውን እያየሁ፣ እዚያ ታች ማን ይኖር ይሆን እያልኩ ነው ያደግኩት። ግን ድርሰቶቹን ሳነብ አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ቦታው ሰሜን ሸዋ ነው። ሰዎቹ ግን ግማሾቹ የሉም። ካሉም እንደ ጥላ ብልጭ ብለው ያልፋሉ። ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

የትኛውን ዘመን ነው የምታወራው?

በብዛት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙበትን፣ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ያለውን። ከዚያም ልጅ ልጃቸው ምኒልክ ከመቅደላ እስካመለጡበት እስከ 1857 ድረስ። ለጀብዱ ፊልም ከዚህ የተሻለ ዘመን አላውቅም። ቤተ መንግሥቱ አንዴ አንኮበር፣ አንዴ አንጎለላ፣ አንዴ ደብረ ብርሃን ነው። ጠመንጃ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ሩቅ አገር ሰው ደብዳቤና ስጦታ ይዞ ይመጣል። ተራራ ላይ የታሰሩ የንጉሥ ዘመዶች አሉ። ደራሲው ብዙ መፍጠር አያስፈልገውም።

«ብዝኃነት» የምትሉት ነገር ከፈረንጅ የመጣ ፋሽን አይደለም እንዴ?

ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጥያቄው በቅንነት እንደሚመጣም አውቃለሁ። መልሴ አንድ ነው፦ መንገዱን ተከተሉት።

ከታጁራ ወደብ የተነሳ ቅፍለት፣ ማለት የነጋዴ ግመል ጓዝ፣ የአፋርን በረሃ ለማቋረጥ ሳምንታት ይፈጅበታል። አፋሮች ካልፈቀዱና ካልመሩ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አይልም። ውሃው የት እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከዳገቱ ግርጌ ካለችው ፋሬ ሲደርስ ግመሉ ይቆማል፤ ዳገቱን አይችለውም። ጓዙ ወደ በቅሎ፣ ወደ አህያና ወደ ሰው ጫንቃ ይዛወራል። ያንን የምሥራቅ በር የሚጠብቀው ማን ነው? ወላስማ ሙሐመድ ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ዘራቸውን ከጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች የሚቆጥሩ። የክርስቲያኑ ንጉሥ ታማኝ ሹምም ናቸው። ጎንቾ ላይ የታሰሩትን የንጉሥ ዘመዶች የሚጠብቁትም እሳቸው ነበሩ።

ትንሽ ወደ ላይ ወጣ ስትሉ አልዩ አምባ ነው። አርጎባው፣ አፋሩ፣ የሐረር ነጋዴው፣ ከደጋ የወረደው ክርስቲያን ገበሬ አንድ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ከአሳል ሐይቅ የመጣ ጨው አለ። ቡና አለ። ጨርቅ አለ። ከዚያ ዳገቱን ሽቅብ ሲወጡት አንኮበር፤ ብርዱ፣ ጥዱ፣ ጉሙ። አንኮበርን አልፎ ወደ ምዕራብ ሜዳው ሲዘረጋ ደግሞ የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው።

ጀብዱ ማለት መሄድ ነው። መግባት፣ መሻገር፣ ማምለጥ። በዚያ ዘመን ማንም ሰው ብቻውን ከቆላ ወደ ደጋ አይዘልቅም ነበር። የሚያሳልፈው፣ የሚያስተረጉምለት፣ የሚያሳድረው ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህን ሰዎች ከፊልሙ ያወጣ ደራሲ ጀግናውን መንገድ አሳጣው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው «ሁለተኛው ክፍል ላይ ታሪኩ ቆመብኝ» ብላችሁ የምትመጡት።

ታዲያ አንድ አፋር፣ አንድ አርጎባ፣ አንድ ኦሮሞ ብጨምር ይበቃል?

አይበቃም። ይሄ ቆጠራ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ሰው የሚሆነው የራሱ ጉዳይ ሲኖረው ነው። በአንድ ወቅት ያነበብኩት ድርሰት ላይ አፋሩ መሪ ነበር፤ ጀግናውን በረሃውን አሻግሮት፣ ጥይት በደረቱ ተቀብሎ ይሞታል። ስሙ እንኳ አልተጠራም። ጸሐፊውን እንዲህ አልኩት፦ «ይህ ሰው ለምን መጣ? ምን ሊገዛ ነው? ማን ይጠብቀዋል? ካንተ ጀግና ጋር ባይስማማስ?» ልጁ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። መሪው የወንድሙን ደም ካሳ ለመቀበል ወደ አልዩ አምባ የሚሄድ ሰው ሆኗል። ጀግናው ሲያስቸኩለው «የኔ ጉዳይ ካንተ ይቀድማል» ይለዋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ፊልሙ ተነሳ።

ሴቶችን እንዴት እናስገባ? ያኔ ሴት ጎራዴ አትይዝም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚያንገበግበኝ ጥያቄ ነው።

ከውጭዎቹ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። «የአረቢያው ሎውረንስ» እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣ፣ በዓለም የታወቀ የታሪክ ጀብዱ ፊልም ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይረዝማል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ሴት አንድ ቃል አትናገርም። የሥዕሉን ውበት አልክድም፤ በረሃውን እንደዚያ ያሳየ ብዙ የለም። ግን ያንን ፊልም አይተው የሚጽፉ ልጆች ዝምታውንም አብረው ይወርሳሉ። ጀብዱ የወንዶች ጉዳይ ነው ብለው ይደመድማሉ።

የእኛን ታሪክ እዩት እስቲ። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። የንጉሡ ባለቤት በዛብሽ በቤተ መንግሥቱ ቃላቸው የሚሰማ ሴት ነበሩ። የምኒልክ እናት እጅጋየሁ ደግሞ በዚያው ግቢ አገልጋይ እንደነበሩ ይነገራል።

ከሁሉ በላይ ግን የመቅደላው ማምለጥ አለ። አጤ ቴዎድሮስ በ1848 ሸዋን ሲይዙ ልጁን ምኒልክን ወሰዷቸው። ምኒልክ መቅደላ ላይ አደጉ፤ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽንም አገቡ። በሰኔ 1857 አንድ ሌሊት ከአምባው ወርደው ጠፉ። ሚስታቸው እዚያው ቀሩ። የሸሹት ወደ ወሎ ነበር። ወሎ ላይ የነበሩት ገዢ ሴት ናቸው፤ ሙስሊሟ ወይዘሮ ወርቂት። የወርቂት ልጅ በዚያው ሰዓት በቴዎድሮስ እጅ እስረኛ ነው። የሸሸው ልዑል እጃቸው ላይ ገብቷል። መልሰው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያገኙ ይችሉ ይሆናል። አሳልፈው አልሰጡም። ቴዎድሮስ ልጃቸውን ገደሉት። ምኒልክ ወደ ሸዋ አለፉ።

ከዚህ የከበደ ትዕይንት ማን ይጽፋል? ጎራዴ የለም። አንዲት እናት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ትወስናለች፤ የሸዋ ታሪክ በእሷ ላይ ተንጠልጥሏል። ግን ይህን ማምለጥ ከሚጽፉ ልጆች ግማሾቹ የወሎውን ክፍል በአንድ መስመር ያልፉታል፦ «ወሎን አቋርጦ ሸዋ ገባ።» አልጣሽን ደግሞ ማንም አያስታውሳቸውም። ሲነጋ ባላቸው የሌለበት አልጋ ላይ የነቁ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው። አባታቸው በቁጣ እየነደዱ ነው። እሳቸው ምን አሉ? ይሄንን ጻፉልኝ።

መሣሪያ የያዘች ሴት ከፈለጋችሁ ደግሞ መፍጠር አያሻችሁም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተመልከቱ። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው አበራ ካሣ ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተው ተዋግተዋል። ፍቼም ሰሜን ሸዋ ናት። ዘመኑን ግን አታደበላልቁ።

ሌላም አለ። በጀብዱ ታሪክ ውስጥ ማንም የማይጠረጥረው ሰው ወርቅ ነው። እንስራ ያዘለች፣ ቅቤ ተሸክማ ገበያ የምትወርድ፣ በንጉሡ ግቢ ከብዙ ፈጪዎች መሃል ተቀምጣ የምትፈጭ ሴት ሁሉንም ትሰማለች። ደብዳቤውን እሷ ታሳልፈው።

ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ሲጓዙ ምን እናሳይ?

ምግቡን አሳዩ። ተጓዦቹ ማታ ሲሰፍሩ ሁለት እሳት ይነዳል። ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ይሄ ጠብ አይደለም፤ ኑሮ ነው። ሽሮና እንጀራ ሲሆን ግን አንድ ገበታ ላይ ሊቀርቡ ይችላሉ። በጾም ቀን መንገድ ላይ የሚሆነውን ብቻ ብትጽፉ ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል።

ቡናን ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ድርሰት ላይ የአንኮበር ቄስ ቡና ሲጠጡ አነባለሁ። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ቡና የሙስሊም መጠጥ ነው ተብሎ በክርስቲያኑ ዘንድ የተነቀፈ ነበር። የደጋው ክርስቲያን ጀበናውን የተላመደው ኋላ፣ በምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ አልዩ አምባ ላይ አርጎባው ነጋዴ ለክርስቲያኑ መልእክተኛ ፍንጃል ሲያቀርብለት ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ይጠጣል? እምቢ ይላል? ማን ያየዋል? አንድ ስኒ ቡና ከፍልሚያ የበለጠ ልብ ሊሰቅል ይችላል።

ኦሮሞዎቹ ጠላት ሆነው ነው የሚታዩት። ታሪኩ እንደዚያ አይደለም?

የሸዋ ነገሥታት በኦሮሞ አገር ላይ ይዘምቱ ነበር። ቤት ይቃጠል፣ ከብት ይነዳ፣ ሰው ይገደል ነበር። ይህን መደበቅ አይገባም። ግን ካሜራው ሁልጊዜ ከዘማቹ ኋላ ከቆመ፣ የሚቃጠለው ቤት ሲነድ የሚያምር እሳት ብቻ ይሆናል። አንድ ጊዜ እቤት ውስጥ ግቡ። ሴትየዋ ማሰሮዋን የት ደበቀች? ልጁ ጥጃውን ይዞ ወዴት ሮጠ?

ሌላው ወገን ደግሞ ይረሳል። በንጉሡ ጦር ውስጥ የኦሮሞ ፈረሰኞች ነበሩ። ጋብቻው የተሳሰረ ነው። አንጎለላ ራሷ የድንበር ከተማ ነበረች፤ ሁለቱም ቋንቋ ይሰማባታል። አንድ ሰው በአባቱ ወገን ዘማች፣ በእናቱ ወገን የሚዘመትበት ሊሆን ይችል ነበር። እኔ ጀግና ብጽፍ ያንን ሰው እመርጥ ነበር።

ባርነትን ማሳየት ግድ ነው? ተመልካች ይከፋዋል።

ግድ ነው ባይ ነኝ። ከአልዩ አምባ አጠገብ ሰው የሚሸጥበት ገበያ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ልጆች በዚያው የቅፍለት መንገድ ወደ ታጁራ ወርደው ባሕር ይሻገሩ ነበር። በደጋውም በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ባሪያ ነበር። ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የቅርብ ጊዜ ነው። ጀግናችሁ በዚያ መንገድ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ወደ ታች ከሚነዱት ጋር ፊት ለፊት ይተላለፋል። ዓይናቸው ይገጣጠማል። እዚያ ላይ ካሜራውን ማዞር ውሸት ነው። ጅራፍና ደም ማብዛት አያስፈልግም። ስም ስጧቸው፤ ቋንቋ ስጧቸው። አንዷ ደግሞ ታምልጥ።

ስለ ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞችስ?

ስለ እነዚህ ከልቤ ነው የምለምናችሁ። በሰሜን ሸዋ ሸክላ የምትሠራዋና ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ተገለው ኖረዋል። ከመካከላቸው ቤተ እስራኤል ነን የሚሉ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። የጀብዱ ጸሐፊ ሚስጥራዊ ሰው ሲፈልግ ቶሎ የሚሮጠው ወደ እነሱ ነው፤ ሌሊት ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ፣ በዓይኗ የምትበላ ሸክላ ሠሪ። ይህ ስድብ በእውነተኛ ሰዎች ላይ አሁንም የሚወረወር ነው። ጋብቻ ያስከለክላል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ያስቀራል።

የንጉሡን ጦር የሞረደው ማን ነው? የገበሬውን ማረሻስ? የንግሥቲቱን ወጥ የተሠራበትን ድስትስ? እሱ ቤት ሁሉም ይገባል፤ ማንም ግን አብሮት አይበላም። የሁሉንም ሚስጥር የሚያውቅ፣ ማንም የማያምነው ሰው ነው። ለፊልም ከዚህ የበለጠ ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል?

የተዋናዮች መልክ ላይ ለምን ትጨቃጨቃለህ?

ምክንያቱም ዓይን ስለሚለምድ። ጀግናዋ ሁልጊዜ ቀይ፣ ባሪያው ሁልጊዜ ጥቁር፣ ሽፍታው ጠቆር ያለ ከሆነ ተመልካቹ ሳይነገረው ይማራል። ሸዋ ውስጥ ከአንድ እናት ቀይ ዳማም ጠይምም ይወለዳል። ንጉሡም ጠይም ሊሆን ይችላል። ሚናውን ከመልክ ለዩት።

በሌላ በኩል አንዱን ሕዝብ በሌላ ሰው ቀብቶ ማሳየት አለ። በዚያው በጠቀስኩት ፊልም ላይ አረቡን ልዑል ፌይሰልን የተጫወተው እንግሊዛዊው አሌክ ጊነስ ነው፤ ፊቱን ተቀብቶ። የአዲስ አበባ ተዋናይ ጊሌ ታጥቆ፣ ሽርጥ አሸርጦ፣ አፋር ሆንኩ ሲል እኔ ያ ቀለም ይታየኛል። አፋር ተዋናይ ፈልጉ። ሠመራ ሩቅ አይደለም።

ፈረንጆቹስ?

ይኑሩ፤ ነበሩ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1831 አንኮበር ገባ። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ክረምት መልእክተኛ ሆኖ መጣ። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም ከንጉሡ ጋር ውል ተዋውሏል። ግን ቦታቸውን ያዙላቸው። ሲገቡ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ሲወጡ ፈቃድ ይጠብቃሉ። አስተርጓሚ ከሌለ አንድ ቃል አይገባቸውም። እንግዲህ አስተርጓሚውን ዋና አድርጉት። ሁለቱንም ወገን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፤ ምን እንደሚተረጉምና ምን እንደሚያስቀር የሚመርጠውም እሱ ነው።

ሁሉም አማርኛ ቢናገር ምን አለበት?

ተመልካቹ ይቀለዋል፤ እውነት ነው። ግን አለመግባባት የጀብዱ ነዳጅ ነው። አፋሮቹ እርስ በርስ አፋርኛ ሲያወሩ ጀግናው አይገባው፤ ከታች በጽሑፍ ለተመልካቹ ብቻ ንገሩት። ውጥረቱ ራሱ ይመጣል። አፋን ኦሮሞ፣ አፋርኛ፣ የነጋዴ አረብኛ፣ የመንዝ አማርኛ፤ ሁሉም በቦታው።

አርጎብኛ ላይ አደራ እላለሁ። ዛሬ በአልዩ አምባ አካባቢ አብዛኛው አርጎባ የሚናገረው አማርኛ ነው። ቋንቋው በሕይወት የሚሰማው ወሎ ውስጥ በሾንኬና በጦለሃ ነው። ተናጋሪ ፈልጉ፤ ለቋንቋ አማካሪነቱም ክፈሉት። የፈጠራ ቃል አታስነግሩ።

ልብሱና መልክዓ ምድሩስ?

ባጭሩ። ሁሉንም ሰው ዘመናዊ ጥበብ አታልብሱ። የመንዝ ሰው ብርድ አለበት፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ ይልበስ። አብዛኛው ሰው ባዶ እግሩን ነው፤ ጫማውን አስወልቁ። ባሕር ዛፍ ካያችሁ ካሜራውን አዙሩ፤ የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ይሄ እንደማይቀል አውቃለሁ።

የአካባቢውን ሰው ለአጃቢነት ስንቀጥር ምን እናድርግ?

ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ቀረጻ ላይ ለማገዝ ሄጄ ነበር። ከቆላ የመጡ አንድ አርጎባ አዛውንት የገበያ ትዕይንት ላይ ተቀምጠዋል። ረዳቱ መጥቶ «አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እንዳይናገሩ» አላቸው። ዝም አሉ። ከኋላቸው ደግሞ ተዋናዩ ጨው በገንዘብ ሲገዛ ይቀረጻል። በእረፍት ሰዓት ምሳ ስናካፍል ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ አሞሌ እኮ ራሱ ገንዘብ ነበር፤ አያቴ ነግረውኛል» አሉኝ። ትዕይንቱ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ተቀርጾ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እንደዚያው ወጣ።

ስለዚህ ከቀረጻው በፊት ድርሰቱን አስነብቡ እላለሁ። ለአርጎባ ሽማግሌ የአርጎባውን ክፍል፣ ለአፋሩ የአፋሩን፣ ለሸክላ ሠሪዋ የእሷን። ማንበብ ለማይችል ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የቀን ሥራ የሚተውበትን ክፈሉ። «ይሄ ልክ አይደለም» ሲሉ አትከራከሩ፤ «ታዲያ እንዴት ነበር?» በሉ። እስክሪብቶ ያዙ። ቡናም ይፈላል፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው ዋናው ነገር የሚወራው።